ከመባው ሣጥን እስከ ችግረኛው ደጅ፦ ለአጥቢያ መሪዎችና ለምእመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት፣ መባ ለምትቆጥሩና ለምትይዙ፣ በየሳምንቱም እጃችሁን ለምትዘረጉ ምእመናን ሁሉ፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

የምንጽፍላችሁ በአጥቢያ የችግረኞች መርጃ ሥራ የተሰማራን አገልጋዮች ነን። ምእመናን አይሰጡም ብለን ልንወቅስ አልተነሣንም። ይሰጣሉ። አቤቱታችን ከተሰጠ በኋላ ስላለው መንገድ ነው። ከመባው ሣጥን እስከ ችግረኛው ደጅ ያለው መንገድ በብዙ አጥቢያ አልተጠረገም፤ ስጦታው በዚያ መንገድ ላይ ይዘገያል፣ ይሸራረፋል፣ አንዳንዴም የተቀባዩን ገመና አደባባይ አውጥቶ ይደርሳል። የቤት ኪራይ ያቃተው ሰው ዕቃው ደጅ ከተጣለ በኋላ የሚያገኘው ገንዘብ ለጓዝ ማጓጓዣ ቢሆነው ነው እንጂ ቤቱን አይመልስለትም።

ጉድለቱ የዛሬ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ላይ መሬትና ቤት የነበራቸው እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ ነበር። ምዕራፍ 6 ላይ ግን ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ በሚደረገው እደላ ተዘለሉ፤ ጉርምርምታም ተነሣ። በመካከል ስጦታው ደረቀ የሚል ቃል አናገኝም፤ የተዘለለው ሰው ነው። ሐዋርያትም መዋጮ ጨምሩ አላሉም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። ከእስጢፋኖስና ከፊልጶስ ጀምሮ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ካሰማው ወገን የሆኑ፣ ቢያንስ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ተሾሙ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ስለዚህ የመርጃ ኮሚቴ ስትመርጡ በመጀመሪያ ጠይቁ፦ በእኛ ዘንድ የሚዘለለው ማን ነው? አዲስ መጤው፣ ተከራዩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድገው እናት ከሆነች፣ ከእነርሱ መካከል አንድ ሰው ከኮሚቴው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ችግር ያላየው ሰው ብቻውን የተሰበሰበበት ኮሚቴ ደግ ሊሆን ይችላል፤ የወሩ መጨረሻ ሳምንት ምን እንደሚመስል ግን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ሮም ላይ የጻፈው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ያለውና የፈቀደ ሰው እንደ አሳቡ እንደሚሰጥ፣ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ ዘንድ ተቀምጦ ወላጅ ያጡት፣ መበለቶች፣ ሕመምተኞች፣ እስረኞችና እንግዶች እንደሚረዱበት ይናገራል። እዚያው ላይ ዲያቆናቱ ከቍርባኑ ድርሻ ላልተገኙት ይወስዱላቸው እንደ ነበር ጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀረውን ሰው ደጅ የሚያውቅ እግር በየሳምንቱ ነበረ ማለት ነው፤ ርዳታ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ ተረግጦ ነበር። ከ40 ዓመት ያህል በኋላ በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ላይ የጻፈው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ ደግሞ መዋጮው በወር አንድ ቀን፣ በፈቃድና እንደ አቅም እንደሚሰጥ ይናገርና የሚውልበትን ይዘረዝራል፤ ድሆችን ለመመገብና ለመቅበር፣ ወላጅና ሀብት ለሌላቸው ልጆች፣ ከቤት መውጣት ለተሳናቸው አረጋውያን፣ የመርከብ አደጋ ለደረሰባቸው፣ ስለ እምነታቸው በማዕድን ጉድጓድ፣ በደሴትና በወኅኒ ላሉ። በ251 የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኒቱን አገልጋዮች ሲቆጥር 46 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት እያለ ይሄድና ከ1500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች እንደሚረዱ ይጨምራል። ችግረኞቹም ከቀሳውስቱ ጋር አብረው ተቆጥረዋል። በእናንተ አጥቢያ ስንት የተቸገረ ቤት እንዳለ ቁጥሩን መናገር የሚችል ሰው አለ?

ከሌለ ከዚያ ጀምሩ። ቆጠራው ግን በአዋጅ አይደረግም። የተቸገራችሁ ተመዝገቡ ተብሎ ከተነገረ የሚመጣው ማፈርን ያለፈው ሰው ብቻ ነው፤ ገና የሚያፍረው፣ ምናልባትም የባሰበት፣ ቤቱ ይቀራል። የተሻለው መንገድ አጥቢያውን በየሰፈሩ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ጠያቂዎች መመደብ ነው፤ ለሁለቱ ከአምስት የሚበልጥ የተቸገረ ቤት እንዳይሰጣቸው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጥየቃው የስልክ ሰላምታ ሆኖ ይቀራል። ወንድ ብቻውን ወደ ሴት ቤት አይሂድ፤ ማንም ሰው ከሕፃን ጋር ብቻውን አይሁን። ጠያቂዎቹ በቤት ውስጥ ድብደባ ካዩ ባልና ሚስት እናስታርቅ ብለው አይቀመጡ፤ የመጀመሪያው ሥራ የተጎዳው ሰው ደኅና ቦታ ማደሩን ማረጋገጥ ነው።

ስለ ሣጥኑ። የችግረኛ ገንዘብ ከሕንፃው፣ ከደመወዙና ከመብራቱ ገንዘብ ተለይቶ በራሱ ሒሳብ ይቀመጥ። በአንድ ሒሳብ ከተቀመጠ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር መበለቷ ትጠብቃለች፤ ማንም ክፉ ሳያስብ እንዲህ ይሆናል፣ ምክንያቱም ጣሪያው በሁሉ ዓይን ፊት ያፈሳል፣ የእርሷ ጓዳ ግን አይታይም። ከመደበኛው መባ ከመቶ 10 በየወሩ በቀጥታ ወደዚህ ሒሳብ ይግባ እንላለን፤ ልዩ መዋጮ በዚያ ላይ ይጨመር። አስቸኳይ ጥሪ ብቻ እየጠበቀ የሚሞላ ሣጥን ለሚያስለቅሰው ታሪክ ይሞላል፤ ለዘወትሩ የስኳር ሕመም መድኃኒት ግን ባዶ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቀናው መጠን ያስቀምጥ፣ እኔ በመጣሁ ጊዜ መዋጮ አይሁን ያለው ይህንኑ ነው። በሌላ በኩል ሣጥኑ መጋዘን አይሁን። የሦስት ወር አማካይ ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ይውጣ። ገንዘቡ ከበዛ ችግረኛው አልተፈለገም ማለት ነው።

በመባው ቆጠራ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች፣ በተሰበሰበበት ዕለት፣ ከግቢው ሳይወጡ፣ አብረው ይቁጠሩ፤ ተራ ቁጥር ባለው ቅጽ ላይ ጽፈው ሁለቱም ይፈርሙ። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አንድ ላይ አይቁጠሩ። በማግሥቱ ባንክ የሚያስገባው ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ የባንኩ ደረሰኝም ከቆጠራው ቅጽ ጋር ይያያዝ። የቆጠረ ሰው የወጪ ማዘዣ ላይ አይፈርምም። ቤት ወስጄ ማታ እቆጥረዋለሁ የሚለው ሰው ቅን ቢሆንም አይፈቀድለት፤ አንድ ቀን ጥርጣሬ ቢነሣ ንጹሕነቱን የሚያሳይበት ነገር አይኖረውም። ጳውሎስ ስለ ብዙው ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አብሮ ላከ። ሐዋርያው ምስክር ካስፈለገው ለእኛ አያስፈልገንም አንበል።

የሣጥኑ ቁልፍ በዋናው አገልጋይ እጅ ባይሆን እንመርጣለን። ሰው ኃጢአቱንና ኀዘኑን የሚነግረው ለእርሱ ነው። ያው ሰው ገንዘብ ሰጪም ከሆነ፣ ተቸግሮ የመጣው ንስሐ ልግባ ወይስ ብር ልጠይቅ እያለ ይጨነቃል፤ አገልጋዩም እምቢ ባለ ማግሥት ያን ሰው ሊያጽናናው ይቸገራል።

ጥያቄ የሚቀርብበት በር አንድ ብቻ አይሁን። ሦስት ሰዎች ይታወቁ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዱም ከሽማግሌዎቹ ውጭ ይሁን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ግን ሰው በሽታውን የሚናገረው ጆሮ ሲመርጥ ነው። የሚሰማው ሰው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ ምን ደረሰ፣ ምን ያህል ጎደለ፣ እስከ ምን ቀን፣ በቤቱ ስንት ሰው አለ፣ ሌላ ማን እየረዳ ነው፤ በመጨረሻም እርስዎ ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ ያለው እዚያ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የመሣሪያውን ጥገና፣ የመታወቂያውን እድሳት ወይም ሕፃን የሚጠብቅለት ሰው ፈልጎ ይሆናል። ችግረኛውን ኮሚቴ ፊት አቁሞ ማስረዳት ፈጽሞ ይቅር። አንድ ሰው ይስማው፤ ያ ሰው ለሌሎቹ ስም ሳይጠራ ያስረዳ።

ውሳኔው እንደ ገንዘቡ መጠን ይከፋፈል። ለአንድ ቤት የአንድ ሳምንት ቀለብ የሚያህለውን ሁለት ሰዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ይወስኑ። የአንድ ወር ኪራይ የሚያህለውን ሦስት ሰዎች በ3 ቀን። ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ለሙሉ ኮሚቴ በ7 ቀን ውስጥ ይቅረብ። መደበኛው ስብሰባ በወር አንድ ጊዜ ከሆነና ሁሉም ነገር እርሱን የሚጠብቅ ከሆነ፣ በስብሰባው ማግሥት የታመመ ልጅ 29 ቀን ይጠብቃል ማለት ነው። አይሆንም የሚል መልስም መልስ ነው፤ ግን በአካል፣ ከነምክንያቱ፣ ሌላ መሞከሪያም ተጠቁሞ ይነገር። ከእንቢታ ይልቅ ሰውን የሚሰብረው እናያለን ተብሎ መቅረት ነው።

አሁን በጣም ወደሚያስጨንቀን ነገር እንምጣ፤ ስለ ስጦታው ልክ። በሣጥኑ 300 አለ እንበል። ሃያ ቤተሰብ እያንዳንዱ 100 ጎደለኝ ይላል። ብዙ ኮሚቴዎች ማንም ቅር እንዳይለው ለሁሉም 15፣ 15 ያዳርሳሉ። ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን 15 የደረሰው ቤት 85 ይጎድለዋል፤ ያን ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። በወር ከመቶ 10 ቢታሰብበት ወለዱ 8.5 ነው፤ በሁለት ወር 17። የሰጣችሁት 15 በአራጣ አበዳሪው ኪስ ገብቷል፤ ሃያዎቹም ቤቶች ዕዳቸው እንዳለ ነው። ከዚህ ይልቅ ጥያቄዎቹን በቀነ ገደብ ደርድሩ። በዚህ ሳምንት ከቤት የሚወጣው፣ መድኃኒቱ ነገ የሚያልቀው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚባረረው ይቅደም፤ ለእርሱም ጎዶሎውን ሙሉ በሙሉ ሙሉለት። ለቀሩት ጊዜ ግዙላቸው። አንድ የተከበረ ሽማግሌ አከራዩ ዘንድ ሄዶ ውዝፉ በስድስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈል ብሎ ቢነጋገር፣ ሣጥኑ ምንም ሳያወጣ ብዙ ይሠራል። ሌላው አጥቢያ ይጠየቅ። ምእመናንም ጉድለቱ በቁጥር ይነገራቸው፤ እባካችሁ እርዱ ከማለት ይልቅ በዚህ ወር ለአራት ቤቶች ኪራይ ጎድሎናል ማለት እጅ ያዘረጋል።

ገንዘቡ ለሰውየው ይሰጥ ወይስ ለአከራዩና ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፈል? እኛ ለአብዛኛው ሰው በራሱ እጅ ይሰጥ እንላለን። በቀጥታ ሲከፈል አከራዩ ተከራዩ በቤተ ክርስቲያን ምጽዋት እንደሚኖር ያውቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንቀዋል። ለቀለብ ደረሰኝ አምጣ ማለትም አይገባም። ራሱ ተቀባዩ በቀጥታ ይከፈልልኝ ካለ፣ ወይም ገንዘብ በቤቱ ውስጥ የሚነጥቅ ሰው ካለ፣ ያኔ በቀጥታ ይከፈል። በሙሴ ሕግ አበዳሪው መያዣውን ሊወስድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ በውጭ እንዲቆም፣ ሰውየውም ራሱ እንዲያወጣለት ታዝዟል፤ ዘዳግም 24 ላይ። ዕዳ ያለበት ሰው እንኳ ደጁ ይከበርለታል። ቦዔዝም ለሩት ብሎ አጫጆቹን ከነዶው ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ ተዉላት፣ አትገሥጿትም አለ። እህሉን እፍኝ አድርጎ መስጠት ይቀለው ነበር፤ እርሷ ግን በገዛ እጇ ቃርማ ወደ ቤቷ ገባች።

ብድርን በተመለከተ አቋማችን ጠንካራ ነው። የመርጃ ሣጥን ለተቸገረ ሰው አያበድር። የተበደረ ሰው መክፈል ሲያቅተው ከአበዳሪው ፊት ይሸሻል፤ አበዳሪዋ ቤተ ክርስቲያን ከሆነች ከቤተ ክርስቲያን ይሸሻል። በመጀመሪያ ከጉባኤው ይቀራል፣ ከዚያ ስልክ አያነሣም፣ በመጨረሻ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይርቃል። የጠፋው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የጠፋው ወንድም ነው። ስጡት፤ ሲያልፍለት ለመመለስ ከፈለገ እንደ ማንኛውም ሰው ስሙ ሳይጻፍ ሣጥን ውስጥ ይጨምር። ለሥራ መጀመሪያ ብድር መስጠት የምትፈልጉ ከሆነ ያ ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላ ሒሳብ፣ የጽሑፍ ውል፣ ያለ ወለድ፣ ሌሎች ሰዎችም ይያዙት።

ኀዘንና ሕመም ያለበት ቤት ከገንዘብ ይልቅ ተራ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉ ሰው ይመጣል፣ በአንድ ቀን ከሦስት ቤት ምግብ ይመጣና ይበላሻል። በሦስተኛው ሳምንት ማንም የለም። ብቸኝነቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ 12 ሰው ቢገኝ በሳምንት ሁለት ቀን ለ6 ሳምንት ይዳረሳል፤ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ተራ ብቻ ነው። ተራውን የምትይዝ አንድ ሰው ትኑር። የማይበሉት፣ የማይስማማቸው፣ የልጆቹ ቁጥርና የሚመቻቸው ሰዓት አስቀድሞ ይጠየቅ። መመለስ በማያስፈልገው ዕቃ ይወሰድ፤ ዕቃ መመለስ ለደከመ ሰው ሥራ ነው። ካልተጠየቁ በቀር ከ10 ደቂቃ በላይ አይቀመጡ። የጥየቃው ቀን ደግሞ ገና ከጅምሩ በመዝገብ ይጻፍ፦ 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ሳምንት፣ ከዚያ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ ወር፣ በመጨረሻ ሙት ዓመቱ። ካልተጻፈ ይረሳል።

የቂሣርያው ባስልዮስ በ369 ገደማ በረኃቡ ጊዜ ባለጠጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ከሰበከ በኋላ ከከተማው ውጭ ለእንግዶችና ለሕመምተኞች ማረፊያ ሠራ። ስለዚህ ቦታ በጻፈው ደብዳቤ አስታማሚዎችን፣ ሐኪሞችን፣ የጭነት ከብቶችንና ሸኚዎችን ይጠቅሳል። ሸኚ እንኳ አልተረሳም። በአጥቢያችሁ የሙያ መዝገብ ይኑር፤ ሕግ አዋቂ፣ ነርስ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቅጽ መሙላት የሚችል፣ መኪና ያለው፣ በወር ስንት ሰዓት ሊሰጥ እንደሚችል ጭምር። ገንዘብ የሌለው ግን ሆስፒታል ወረፋ ይዞ የሚያድር ሰው ከትልቅ ሰጪዎች አንዱ ነው። ልብስን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፦ የታጠበ፣ ዚፑና ቁልፉ የሚሠራ፣ ለገዛ እኅታችሁ ልጅ የምትሰጡት ይሁን።

ስለ ምስጢር። የተረጂዎች ዝርዝር በስም ሳይሆን በቁጥር ይያዝ፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የሚያዩትም ከሦስት አይብለጡ። ርዳታ ሲሰጥ ፎቶ አይነሣ። ችግሩ በጸሎት ርዕስ ስም በአደባባይ አይነገር፤ ሰውየው ራሱ ጸልዩልኝ ካለ ሌላ ነገር ነው። ለጉባኤው በየሦስት ወሩ ሪፖርት ይቅረብ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቤት ተረዳ፣ ለምን ለምን ዋለ፣ ስንት ቀረ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያዩት ወጥመድ አለ። ጉባኤው ትንሽ ከሆነ አንዲት መበለት ለሕክምና ተረዳች ተብሎ ሲነበብ ሁሉም ማን እንደሆነች ያውቃል። ከአምስት ቤት በታች የሆነ ክፍል ሁሉ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይነበብ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ በ253 ገደማ ከጎረቤት አገር ከኑሚድያ የተማረኩትን ለማስለቀቅ 100,000 ሰስተርስ (የሮማ ገንዘብ) ሰብስቦ ሲልክ የስም ዝርዝር አብሮ ልኳል፤ ዝርዝሩ የሰጪዎቹ ነበር፣ የላከውም በጸሎት እንዲያስቧቸው ነው። በዚያው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ቢደርስ ከመጻፍ አትዘግዩ ይላል። ሰጪው እንዲያ ነው የሚለምነው።

ቤተሰብ ያለውን ሰው በመጀመሪያ ቤተሰቡ ይርዳው የሚለው ሥርዓት ሐዋርያዊ ነው፤ ጢሞቴዎስም ተጽፎለታል። ግን መጠየቅና መላክ ይለያያሉ። ዘመዶቹ ያባረሩትን ወይም የሚደበድቡትን ሰው ወደ ዘመዶችህ ሂድ ማለት ከተዘጋ በር ፊት ማቆም ነው። በመንገድ ላይ ያለ እንግዳን በተመለከተ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁለት ቀን፣ ቢያስፈልግ ሦስት ቀን እንዲቀበሉት፣ ሊቀመጥ ከፈለገና ሙያ ካለው ሠርቶ እንዲበላ ያዝዛል፤ ዛሬም ይሠራል። ምእመን ያልሆነ ችግረኛ ከመጣም ይሰጠው፤ ስበኩት ከዚያ ስጡት አይባልም፣ መጥቶ ይሳተፍ የሚል ግዴታም አይጣልበት። ክርስትናን የካደው የሮማ ንጉሥ ዑልያኖስ በ362 ገደማ ለጣዖት ካህኑ ሲጽፍ ክርስቲያኖቹ ከራሳቸው ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ ብሎ አማሯል። ጠላት ከሰጠው ምስክርነት ሁሉ ይህ ይበልጥብናል።

የሚያታልል ሰው አይመጣም አንልም። ይመጣል። ያንኑ ጥያቄ በሦስት አጥቢያ የሚያቀርብ ሰው ይገጥማችኋል፤ ጎረቤት አጥቢያዎች፣ ጠያቂውን አስፈቅደው፣ ቢነጋገሩ ይበቃል። ግን ማጣሪያው ከስጦታው አይክበድ። ለሳምንት ቀለብ የሦስት ምስክር ደብዳቤ የሚጠይቅ ኮሚቴ አታላዩን አይከለክልም፤ አታላይ ወረቀት ማዘጋጀት ያውቅበታል። የሚከለከለው ማንበብ የማይችለውና የሚያፍረው ነው። ለትንሹ ስጦታ እመኑ፣ ለትልቁ ሁለት ሰው ሄዶ ይይ።

ተረጂም ይሰጥ። የመቄዶንያ ምእመናን በጥልቅ ድህነታቸው ውስጥ እያሉ ከአቅማቸው በላይ ሰጡ፣ እንዲሳተፉም አጥብቀው ለመኑ። ተረጂ ነህና አትስጥ የተባለ ሰው ከጉባኤው ግማሽ አካሉ ወጥቷል። ቤት ይጠይቅ፣ ይዘምር፣ ወንበር ያስተካክል፣ ከሁለት ሳንቲሙ አንዱን ይጣል። ብቻ ለተረዳበት ምላሽ ግቢ ጥረግ አይባል፤ ያ ደመወዝ ያልተነገረው ቅጥር ነው።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የችግረኛው ሒሳብ ይለይ፤ ጥያቄ የሚቀበሉ ሦስት ሰዎች ይሰየሙና ስልካቸው ለምእመናን ይነገር፤ የ24 ሰዓቱ ውሳኔ ልኩ በቁጥር ይወሰን። የኮሚቴ አባላት ከሁለት ዓመት በኋላ ይቀየሩ፣ በየዓመቱ ግማሾቹ ብቻ፣ ልምዱ እንዳይጠፋ። ይህ ሁሉ አንድ ማታ ይበቃዋል። ከስብሰባው ሳትነሡም ባለፈው ወር ከጉባኤው የጠፉትን ሰዎች ስም አንሡ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው መድቡ፤ በዚያው ሳምንት ሄደው ይጠይቁ።

በክርስቶስ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ፣
በአጥቢያ የችግረኞች መርጃ ሥራ ላይ የምናገለግል